ራስ ደስታ ዳምጠውና የቁስለኛው ድንኳን

ቡና በሚለቀምበት ወራት የጅማና የዙሪያዋ ከተሞች ኑሮ ይለወጣል። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከሰቃና ከጌራ፣ ራቅ ካሉትም ከቦንጋና ከበደሌ የሚመጡ የጭነት መኪናዎች ጆንያ ተሸክመው መንገዱን ይሞሉታል። በእነዚሁ መንገዶች ላይ ግን ከቡናው ጎን ለጎን ሌላም ጭነት ይጓዛል። ከቡና ዛፍ ወድቆ እጁ የተሰበረ ለቃሚ፣ ምጥ የጠናባት እናት፣ ወባ የጣለው የቀን ሠራተኛ፣ ሁሉም ወደ ጅማው ሆስፒታል ይመጣል።

ይህ ሆስፒታል ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ተብሎ ይታወቃል። ቀደም ሲል ጅማ ሆስፒታል ይባል ነበር። ከዚያም በፊት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ስሙ ራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታል ነበር። ወደ መጀመሪያው ሲኬድ ደግሞ ያቋቋመው የኢጣልያ ወራሪ ሆኖ ይገኛል፤ ዓመቱ 1930 ዓ.ም. ሲሆን ዓላማውም የራሱን ወታደሮች ለማከም ነበር።

በዚህ አጭር የስም ታሪክ ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ለወራሪው ቁስለኛ የተሠራው ቤት ከነጻነት በኋላ የተሰየመው፣ የእሳቸው ቁስለኛ የተኛበት ድንኳን በወራሪው አውሮፕላን በተደበደበባቸው የጦር አዛዥ ስም ነው። ስለ ራስ ደስታ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ጀግንነታቸውና አሟሟታቸው ነው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሕይወታቸው ከጦር ሜዳ ሕክምና ታሪክ ጋር ከአባታቸው ዘመን ጀምሮ የተያያዘ በመሆኑ፣ በዚያ በኩል መመልከቱ መንገድ፣ ውኃና ሕንጻ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የሚያስተምረው ብዙ ነው።

የአባት ጉዞ

ራስ ደስታ የተወለዱት ከዐድዋ ጦርነት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። አባታቸው ፊታውራሪ ዳምጠው ከዳግማዊ ምኒልክ የታመኑ ሰዎች አንዱ ነበሩ። በ1887 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሩሲያ የላኩትን የመልእክተኞች ቡድን የመሩት እሳቸው ናቸው። በዚያን ጊዜ ኢጣልያ የውጫሌን ውል በራሷ አተረጓጎም ይዛ ኢትዮጵያን በጥበቃዋ ሥር ያለች አገር አድርጋ ታስወራ ስለነበር፣ የመልእክተኞቹ ሴንት ፒተርስበርግ መድረስና እንደ ነጻ መንግሥት እንግዶች መከበር በራሱ የፖለቲካ ድል ነበር።

ፊታውራሪ ዳምጠው ከዚህ ረጅም ጉዞ ተመልሰው ብዙ አላረፉም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ወደቁ። ደስታና ወንድማቸው አበበ አባታቸውን ያጡት በሕፃንነታቸው ነው።

የዐድዋ ድል በሚነገርበት ጊዜ ስለ ቁስለኞቹ የሚነገረው ጥቂት ነው። የዘመኑ የኢትዮጵያ ጦር የሕክምና ክፍል አልነበረውም። ቁስለኛውን የሚያነሣው ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ፣ የሚያስታምመው ስንቅ ይዛ አብራው የዘመተችው ሚስቱ፣ አጥንቱን የሚጠግነው ወጌሻው ነበር። ወጌሻው የተሰበረ እግር ሊጠግን ይችል ይሆናል፤ ሆድ ውስጥ የገባ ጥይት ግን ከእሱ አቅም በላይ ነበር። ከድሉ በኋላ ቁስለኛው ከትግራይ እስከ ሸዋ ያለውን ተራራና ገደል በበቅሎ ወይም በሰው ትከሻ ተሻግሮ አገሩ መግባት ነበረበት። በመንገድ የቀረው ጥቂት አልነበረም።

ሩሲያ የቀይ መስቀል ቡድን ወደ ኢትዮጵያ የላከችው በዚህ ምክንያት ነው። በጄኔራል ሽቬዶቭ የተመራው ቡድን በምጽዋ በኩል ለመግባት ቢጠይቅም ኢጣልያ ስለከለከለች፣ በጅቡቲና በሐረር ዞሮ አዲስ አበባ የደረሰው በ1888 ዓ.ም. ክረምት፣ ጦርነቱ ካለቀ ከወራት በኋላ ነው። ያም ሆኖ ሐኪሞቹ እጅግ ብዙ ሰው አከሙ። ሥራቸውም በአዲስ አበባ ለተቋቋመው የሩሲያ ሆስፒታል መነሻ ሆነ። ሆስፒታሉ በ1898 ዓ.ም. ቢዘጋም፣ በኋላ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የቆመው በዚያው ሥፍራ ነው።

የሩሲያና የኢትዮጵያን ወዳጅነት ካጠበቁት ጉዞዎች አንዱን የመሩት የደስታ አባት ነበሩ። ይህ ወዳጅነት ያመጣው ሐኪም ግን ለእሳቸው አልደረሰም። ለቤተሰቡ የመጀመሪያው የጦር ሜዳ ሕክምና ታሪክ እንግዲህ ዘግይቶ የመጣ የእርዳታ ታሪክ ነው።

አገረ ገዥው

ሁለቱ ወንድማማቾች በቤተ መንግሥት ዙሪያ አደጉ። ከዘመኑ ወጣት መኳንንት ጋር ሥርዓትንና አስተዳደርን ተምረው ለሹመት በቁ። ታላቅየው አበበም በኋላ የራስነት ማዕርግ ደርሰዋል። ደስታ በ1917 ዓ.ም. የአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንንን ልጅ ልዕልት ተናኘ ወርቅን አገቡ። ከዚህ ጋብቻ አምሃ፣ እስክንድር፣ አይዳ፣ ሰብለ፣ ሶፍያና ሂሩት ተወልደዋል።

ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡ በኋላ የደስታ ኃላፊነት እየከበደ ሄደ። ራስ ተብለው የሲዳሞና የቦረና ገዥ ሆኑ። በሐምሌ 1925 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አሜሪካ ተልከው ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኝተዋል። መልእክቱ የአሜሪካ መንግሥት በንግሥ በዓሉ ላይ እንደራሴ ስለላከ ምስጋና ለማድረስ ነበር። አባትየው በባሕር ማዶ ጉዞ አገራቸውን እንዳስከበሩ ሁሉ ልጅየውም በተራቸው ይህን አደረጉ።

የሲዳሞ አገር ልክ እንደ ጅማ የቡና አገር ነው። ደጋው እንሰት፣ ወይና ደጋው ቡና፣ ቆላው ከብት ነው። ራስ ደስታ ዋና ከተማቸውን በይርጋለም አደረጉ፤ የዚያች ከተማ መቆርቆርም ከስማቸው ጋር የተያያዘ ነው። ይሁን እንጂ የተሰጣቸው ጊዜ አጭር ነበር። ከሹመታቸው እስከ ጦርነቱ የነበሩት ጥቂት ዓመታት፣ ከይርጋለም እስከ ሶማሌ ወሰን ያለውን አገር በመኪና መንገድ፣ በጉድጓድ ውኃና በጤና ጣቢያ ለማያያዝ የሚበቁ አልነበሩም። ይህ ጉድለት የእሳቸው ብቻ አልነበረም። ጅማም ብትሆን በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኛት፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ አልነበራትም። ቡናው በበቅሎና በአህያ ይወጣ ነበር። በሰላም ጊዜ ይህ ጉድለት የሚለካው በቡና ዋጋ ነው። በጦርነት ጊዜ በሰው ሕይወት ተለካ።

ወደ ዶሎ

ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት የኢትዮጵያ መንግሥት በሕግ በኩል የሚቻለውን አድርጎ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተቋቋመ፤ በዚያው ወር ኢትዮጵያ ቁስለኞችን የሚመለከተውን የጄኔቫ ስምምነት ተቀበለች። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ማኅበሩ ከዓለም አቀፉ ኮሚቴ ዕውቅና አገኘ። ሐኪሙ ዶክተር ቶማስ ላምቢ ዋና ጸሐፊው ሆነው ከውጭ አገር እርዳታ መጠየቅና የሕክምና ቡድኖችን ማደራጀት ጀመሩ። ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይ፣ ከፊንላንድ፣ ከሆላንድና ከግብጽም አምቡላንሶች መጡ።

በዚያ ዘመን አምቡላንስ ማለት ዛሬ በከተማ ውስጥ የሚታየው አንድ መኪና አልነበረም። ሐኪሞች፣ አስታማሚዎች፣ ድንኳኖች፣ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ፣ መድኃኒትና የጭነት መኪናዎች ያሉት ተንቀሳቃሽ የጦር ሜዳ ሆስፒታል ነበር። የኢትዮጵያ ጦር የራሱ የሕክምና ክፍል ስላልነበረው እነዚህ ቡድኖች ተጨማሪ እርዳታ ብቻ አልነበሩም። በየግምባሩ የነበረው ዘመናዊ ሕክምና ባመዛኙ እነሱው ነበሩ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ወረራውን ጀመረች። በደቡብ በኩል ራስ ደስታ የተመደቡት በዶሎ አቅጣጫ ሲሆን፣ ከፊታቸው በኢጣልያ ሶማሊያ የሰፈረውን ጦር የሚያዘው ጄኔራል ግራዚያኒ ነበር።

ይህን ዘመቻ በካርታ ላይ ማየት ጠቃሚ ነው። ይርጋለም ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ጅማም ወደዚያው ትጠጋለች። ገናሌና ዳዋ የሚገናኙበት ዶሎ ከፍታው 200 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ የደጋው ሰው ወደ ጦሩ ቦታ ሲወርድ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛል። ወባ ከማያውቅበት አገር ወደ ወባ አገር፣ ምንጭ ከበዛበት ወደ ደረቅ ምድር ይገባል። ከነገሌ እስከ ዶሎ ያለው ብቻ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ ሁሉ ርቀት ጦሩ ስንቁን የሚያመላልሰው በአብዛኛው በአጋሰስ ነበር። በቅሎ ጭነት ተሸክማ ስትሄድ ራሷም ትበላለች፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ለሰው የሚተርፈው ያንሳል። ግራዚያኒ በተቃራኒው ከሞቃዲሾ ወደብ ጀምሮ ካሚዮኖችና ነዳጅ አከማችቶ ነበር።

ጦሩ ገና ዋናውን ውጊያ ሳይገጥም ረሀብና ወባ እንዳደከሙት የታወቀ ነው። አንድ ወታደር በወባ ሲተኛ የሚጎድለው የእሱ ጠመንጃ ብቻ አይደለም፤ የሚያስታምመው ሰውም አብሮ ይጎድላል። በዚህ ሁኔታ ላይ ለነበረ ጦር የሕክምና ጣቢያ ማለት የቁስለኛ መጠለያ ብቻ ሳይሆን የተዋጊው ቁጥር እንዳያልቅ የሚጠብቅ ድጋፍ ነበር።

መልካ ዲዳ

የስዊድን ቀይ መስቀል ቡድን ወደ ራስ ደስታ ግምባር የተላከው በዚህ ጊዜ ነው። መሪው ቀድሞም በኢትዮጵያ ያገለገሉት ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ነበሩ። ቡድኑ በካሚዮን ተጉዞ፣ መንገድ በሌለበት መንገድ እያበጀ፣ በገናሌ ወንዝ አጠገብ መልካ ዲዳ በተባለው ሥፍራ ድንኳኑን ተከለ።

የጦር ሜዳ ሕክምና ጣቢያ የት እንደሚተከል መወሰን ቀላል ነገር አይደለም። ከውጊያው በጣም ከራቀ ቁስለኛው ሳይደርስ ደሙ ያልቃል። በጣም ከቀረበ መድፍ ይደርስበታል። ውኃ ያስፈልጋል፤ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ የሚቀቀለው፣ ቁስል የሚታጠበው፣ ትኩሳት የያዘው ሰው የሚጠጣው ውኃ ነው። ጥላ ያስፈልጋል፤ በቆላ ፀሐይ ድንኳን ውስጥ የተኛ ቁስለኛ ያለ ጥላ አይሰነብትም። ካሚዮን የሚደርስበት ሜዳ ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ከሰማይ መታየት አለበት። ነጭ መደብ ላይ ያለው ቀይ መስቀል ግልጽ ሆኖ ለአብራሪው እንዲታይ ጣቢያው ከዛፍ ሥር ተደብቆ መቀመጥ አይችልም። ወታደር ከአውሮፕላን ይሸሸጋል፤ ሐኪም ግን ራሱን ያሳያል። መከላከያው ስምምነቱን የፈረመው ሁሉ ቃሉን ይጠብቃል የሚል እምነት ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ይህ እምነት ፈረሰ። የኢጣልያ አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን አምቡላንስ በቦምብ ደበደቡ። በድንኳኑ የተኙ ቁስለኞችና ሕሙማን አለቁ። ከስዊድናውያኑ ጉናር ሉንድስትረም የተባለው ባልደረባ ሲሞት ዶክተር ሂላንደር ራሳቸው ቆሰሉ። ድንኳኑ፣ መድኃኒቱና መኪናው ወደመ።

ከአውሮፕላን በተጣሉ ወረቀቶች የተሰጠው ምክንያት በኦጋዴን በኩል ተይዞ የተገደለ አንድ ኢጣልያዊ አብራሪን መበቀል ነበር። አብራሪው የወደቀው ግን በሌላ አዛዥ ሥር በነበረ ሌላ ግምባር ሲሆን፣ በመልካ ዲዳ ድንኳን ውስጥ የተኛው ሰው ስለ እሱ የሚያውቀው ነገር ሊኖር አይችልም። ኢጣልያ ከዚህ በተጨማሪ ኢትዮጵያውያን የቀይ መስቀልን ምልክት ያላግባብ ይጠቀማሉ የሚል ክስ ታሰማ ነበር። ነገሩ በአንድ ቀን ስሕተት የማይታለፍ መሆኑ ከዚያ በፊትና በኋላ በደረሰው ይታወቃል። ኅዳር 26 ቀን ደሴ ስትደበደብ ሆስፒታሉ ተመቷል። የካቲት 25 ቀን ደግሞ በኮረም አቅራቢያ በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ አምቡላንስ ተደብድቧል።

ለራስ ደስታ ጦር የመልካ ዲዳ አደጋ ከሟቾቹ ቁጥር በላይ ነበር። ከነገሌ እስከ ዶሎ ባለው ምድር ሌላ የቀዶ ሕክምና ጣቢያ የሚቋቋምበት አቅም አልነበረም። ወታደሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀይ መስቀል ባንዲራን የሚያየው በሌላ ዓይን ሆነ። በሌሎች ግምባሮችም እንደታየው፣ ሰዉ ምልክቱ አውሮፕላን ይጠራል ብሎ መሸሽ ጀመረ። ሊያድን የተተከለ ድንኳን የሚፈራ ነገር ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው ፈጣን ነበር። በጥር 1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ግራዚያኒ በካሚዮን የተጫነ ጦሩን በገናሌ በኩል አንቀሳቀሰ። በዚህ ግምባር ኢፔሪት የተባለው የመርዝ ጋዝም በሥራ ላይ ውሎ ነበር። ይህ ጋዝ ሥጋን የሚያቃጥልና ዓይንን የሚያውር ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሕክምናው ልብስን ቶሎ ማውለቅና ገላን በብዙ ንጹሕ ውኃ መታጠብ ነው። ባዶ እግሩን ለሚሄድ፣ ቅያሪ ለሌለው፣ ከወንዙም በአውሮፕላን ለሚባረር ወታደር ይህ እንኳ አልተቻለም። ጥር 11 ቀን ነገሌ ተያዘች።

ከቃሬዛ በቀር

ራስ ደስታ ከዚህ በኋላ ወደ ወደራ ጫካ፣ ከዚያም ወደ ሲዳሞ ደጋ አፈገፈጉ። የማፈግፈግ ሒሳብ ጨካኝ ነው። አንድ ቁስለኛ በቃሬዛ ለመሸከም አራት ሰው ይፈልጋል፤ መንገዱ ከረዘመ ተለዋጭ አራት ይጨመራል። ስለዚህ አሥር ቁስለኛ ያለው ጦር ሰማንያ ተዋጊ ከጠመንጃው ይለያል። መኪና የሚያስኬድ መንገድ ቢኖር አሥሩንም አንድ ካሚዮን ይወስዳቸው ነበር። መንገዱ ስላልነበረ አዛዡ በየቀኑ ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ተገደደ፤ ወይ ቁስለኛውን ይዞ በዝግታ መጓዝና መያዝ፣ ወይ ለአገሬው ሰው አደራ ሰጥቶ መሄድ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢጣልያኖች አዲስ አበባ ገቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሦስት ቀን በፊት ወጥተው ነበር። የራስ ደስታ ሚስትና ልጆችም ወደ ስደት ሄደዋል። ራስ ደስታ ግን በይርጋለም ዙሪያ ጦራቸውን ይዘው ቀሩ። የክረምቱ ጭቃ ለካሚዮን የማይመች መሆኑ ጥቂት ወራት ሰጣቸው። የጎደለው መንገድ በአንድ በኩል ቁስለኛቸውን ቢጎዳም በሌላ በኩል ጠላታቸውን አዘገየላቸው። ዝናቡ ሲያበቃ ግን ኢጣልያኖች በብዙ አቅጣጫ ገፉ። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ይርጋለም ተያዘች። በታኅሣሥ ደግሞ በምዕራብ በኩል፣ ከጅማ በስተ ደቡብ በሚፈሰው በጎጀብ ወንዝ አጠገብ፣ ራስ እምሩና አብረዋቸው የነበሩት ጥቁር አንበሶች ተከበው እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱ። በደቡብና በምዕራብ የቀረው ትልቅ የጦር አዛዥ ራስ ደስታ ብቻ ሆኑ።

አብረዋቸው የባሌው ገዥ ደጃዝማች በየነ መርዕድና ደጃዝማች ገብረ ማርያም ነበሩ። በየነ መርዕድም እንደ ራስ ደስታ የንጉሠ ነገሥቱ አማች ነበሩ። የሦስቱ ጦር ከአርበጎና ጫካ ወጥቶ ወደ ሰሜን ለማለፍ ሲሞክር በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጎጌቲ ላይ ተከበበ። ደጃዝማች ገብረ ማርያም በውጊያው ወደቁ፤ ደጃዝማች በየነ ተይዘው ተገደሉ። ራስ ደስታ ከጥቂት ሰዎች ጋር ከከበባው ሾልከው ወደ ጉራጌ አገር ገቡ።

በዚያው ሳምንት፣ የካቲት 12 ቀን፣ በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጥሎ ስለነበር ወራሪው የበቀል እጁን በመላው አገር ዘርግቶ ነበር። የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ራስ ደስታ በቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተገደሉ። በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ። አባታቸው በዐድዋ ከወደቁ አርባ አንድ ዓመት ሊሞላው ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር።

የጅማው ቤት

ኢጣልያኖች ኢትዮጵያን በከፋፈሉበት ጊዜ ደቡቡንና ምዕራቡን በአንድ ግዛት ሥር አድርገው ዋና ከተማውን ጅማ አደረጉ። ስለዚህ የራስ ደስታ የቀድሞ አገር ሲዳሞና ቦረናም ከጅማ ይታዘዝ ጀመር። በከተማዪቱ የአስተዳደር ሕንጻዎች፣ የወታደር ሠፈሮችና መንገዶች ተሠሩ። ሆስፒታሉም ከእነዚህ አንዱ ነው። የተቋቋመበት ዓመት 1930 ዓ.ም. ራስ ደስታ ከተገደሉበት ዓመት ቀጥሎ ያለው ነው።

ወራሪው ለራሱ ጦር ያሰበውን ነገር በዚህ ማየት ይቻላል። ወታደሩ ሲቆስል ወይም በወባ ሲወድቅ የሚተኛበት ቤት እንዲኖር አደረገ፤ ወደዚያ የሚያደርስ የመኪና መንገድም ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ዘረጋ። ዕውቀቱ ነበረው ማለት ነው። የጦር ሜዳ ሕክምና ያለ መንገድ፣ ያለ ውኃና ያለ ቋሚ ቤት እንደማይሆን በሚገባ ያውቅ ነበር። መልካ ዲዳ ላይ ምን እንዳፈረሰ ያውቅ ነበር የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ጅማ ከወራሪው እጅ ወጣች። ወደ ከተማዪቱ ከገቡት መካከል በገረሱ ዱኪ የሚመሩት አርበኞች ነበሩ። በከተማዪቱ የተጠጉት ኢጣልያውያን ብዙ ነበሩ፤ የታመሙና የቆሰሉም ነበሩባቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ በሰዮ በኩል የጄኔራል ጋዜራ ጦር እጁን ሲሰጥ የምዕራቡ ጦርነት አበቃ። የወራሪው ሆስፒታል የኢትዮጵያ መንግሥት ንብረት ሆነ፤ ስሙም ራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታል ተባለ።

ስም መስጠት ለሙታን የሚደረግ ክብር ነው። ይሁን እንጂ ይህ ስም በዚህ ቤት ላይ ሲያርፍ ከክብር ያለፈ ትርጉም ነበረው። በራስ ደስታ ሕይወት ዙሪያ ሦስት የሕክምና ቦታዎች ይታያሉ። የመጀመሪያው አባታቸው ከሞቱ በኋላ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ነው፤ ደግ ነበር፣ ግን ዘገየ። ሁለተኛው የመልካ ዲዳው የስዊድን ድንኳን ነው፤ በጊዜው ደረሰ፣ ግን የሚጠብቀው ከምልክቱ በቀር ስላልነበረ ወደመ። ሦስተኛው የጅማው ሆስፒታል ነው፤ ጠንካራ ነበር፣ ግን ለጠላት የተሠራ ነበር። ሦስቱም የሌላ ሰው ሥራዎች ነበሩ። የኢትዮጵያ ቁስለኛ አንዱን በምጽዋት ጠበቀ፣ አንዱን በቦምብ ተነጠቀ፣ አንዱን በድል ወረሰ።

የራሱ የሆነውን ለማግኘት ብዙ ዓመት ወሰደ። በ1975 ዓ.ም. የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲቲዩት ተቋቁሞ ሐኪሞችንና ሌሎች የጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። ተማሪዎቹ ከትምህርት ክፍል ወጥተው በዙሪያው ባሉት ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች ሕዝቡ መካከል እንዲሠሩ የሚያደርግ የትምህርት ዘዴም የተቋሙ መለያ ሆነ። በ1992 ዓ.ም. ኢንስቲቲዩቱ ከጅማ እርሻ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ የጅማ ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆነ። ለወራሪ ወታደር የተከፈተው በር የኢትዮጵያን ሐኪም የሚያወጣ በር ሆነ።

በዚህ መካከል የሆስፒታሉ ስም ተለውጧል። በደርግ ዘመን የመሳፍንት ስም ከብዙ ተቋማት ሲነሣ ይህም ጅማ ሆስፒታል ተባለ። በአዲስ አበባ ያለው ሆስፒታል ግን ዛሬም በራስ ደስታ ስም ይጠራል። በጅማ ስሙ መመለስ አለመመለሱ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ጉዳዩ ስሙ ሲነሣ ምን መታወስ አለበት የሚለው ነው።

መታወስ ያለበት፣ አንድ አገር ቁስለኛውን የሚያድንበት ቀን ጦርነቱ ከተጀመረበት ቀን በፊት ያለ መሆኑ ነው። በሰላም ጊዜ ያልተጠረገ መንገድ በጦርነት ጊዜ በስምንት ሰው ትከሻ ይተካል። በሰላም ጊዜ ያልተቆፈረ ጉድጓድ በኢፔሪት የተቃጠለውን ሰው አያጥብም። በሰላም ጊዜ ያልሠለጠነ ሐኪም በባዕድ ይተካል፤ ባዕዱም ደግ ቢሆን ዘግይቶ ይመጣል፣ ወይም ቀድሞ ይገደላል። ራስ ደስታ ጀግንነት አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው ከእሳቸው በፊት ሊሠራ ይገባው የነበረና ማንም ያልሠራው ሥራ ነው። እሳቸው ራሳቸው እንዲሠሩት የተሰጣቸውም ጥቂት ዓመታት ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ ዛሬ ከአጋሮ ወይም ከሊሙ የተነሣ መኪና በሽተኛ ይዞ በሁለት ሦስት ሰዓት ጅማ ሲገባ፣ ያ መንገድ የሕክምናው የመጀመሪያ ክፍል ነው። የሆስፒታሉን ቧንቧ የሚያበጅ፣ መብራቱን የሚያስተካክል፣ ድልድዩን የሚሠራ ሰው ከቀዶ ሐኪሙ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የቆመ ያህል ነው። በመልካ ዲዳ ድንኳን ውስጥ ያለቁት ሰዎች ስማቸው በየትኛውም ቤት ላይ አልተጻፈም። ለእነሱ የሚበጀው መታሰቢያ ውኃው የማይቋረጥ፣ መንገዱ በክረምት የማይዘጋ፣ በሩም ለማንም ቁስለኛ ክፍት የሆነ ሆስፒታል ነው።